በበርጩማ ልክ

ይድረስ ለልጄ ለሜሮን፦

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም መግቢያ ላይ ያለውን ጉሊት ዙሪያውን በሙሉ በሚቀርጽ የ360 ዲግሪ ካሜራ ቀርጸሽ፣ ዓይንን ሸፍኖ ሰውን እዚያው ያለ በሚያስመስለው በቪአር (ምናባዊ እውነታ) መነጽር ለክፍል ጓደኞችሽ ለማሳየት ማሰብሽ ጥሩ ነው። ግን አስቀድመሽ ወስኚ፤ ተመልካቹ ሻጯን እናት «እንዲሆን» ነው ወይስ አጠገባቸው እንዲቀመጥ? ሁለተኛውን ምረጪ። የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ የቤት ኪራይ ሐሳብ አያሸክምም። ዓይንን ሸፍኖ ዓይነ ስውርነትን «መቅመስ»ም ያው ነው፤ የሚቀመሰው የመጀመሪያው ቀን መደናበር እንጂ የዓመታት ብልሃት ስላልሆነ፣ ሰው ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል።

ቪአር አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሥራና ቤት ማጣትን በቪአር ካዩት 82 በመቶው ቤት የሌላቸውን የሚደግፍ አቤቱታ ፈርመዋል፤ ታሪኩን ካነበቡት ደግሞ 67 በመቶው። ያነበቡትም ቀላል አይደሉም፤ ስለዚህ የሻጯን እናት ቃል በአንድ ገጽ ጽፈሽ አብረሽ አቅርቢ።

ሁሉን የሚወስነው የካሜራው ቁመት ነው። 1 ሜትር ከ60 ላይ ካቆምሽው ተመልካቹ እንደ ገዢ ቁልቁል ያያቸዋል። በርጩማቸው ላይ ሲቀመጡ ዓይናቸው ከመሬት ምን ያህል እንደሚርቅ በሜትር ለኪ፤ 1 ሜትር ገደማ ይሆናል። ስታንዱን እዚያ ላይ አድርጊ፤ ተመልካቹንም በርጩማ ላይ አስቀምጪው። ያኔ የሚያየው ጉልበትና ጭቃ የነካው ጫማ ነው፣ «መደቡ ስንት ነው?» የሚለውም ድምፅ ከላይ ይመጣበታል።

ካሜራው ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ሁለት ሌንሶች አሉት። ምስሎቹ የሚጋጠሙበት መስመር ላይ በጣም የቀረበ እጅ ለሁለት ተቆርጦ ይታያል፤ ሌንሶቹ የሚያዩት ከአንድ ነጥብ አይደለምና። አንዱን ሌንስ ፊት ለፊታቸው አዙሪ፣ ካሜራውን ከ1 እስከ 1.5 ሜትር አርቂ፣ መጋጠሚያውን ሰው ወደሌለበት ጎን አድርጊ። ይዘሽው እንዳትራመጂ፦ ዓይን «እየሄድኩ ነው» ሲል የውስጥ ጆሮ «ተቀምጫለሁ» ይላል፣ ሰውየውን ያቅለሸልሸዋል። አንዱን ቀረጻ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ያዢው። በመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ሰው ዙሪያውን ስለሚቃኝ ዋናውን ንግግር አታስገቢ። ከካሜራው ጀርባ የሚባል ቦታም የለም፤ አጥር ጀርባ ተደብቀሽ በስልክ አስጀምሪ።

ስልክ በሚገባበት የካርቶን መነጽር ከሆነ የምታሳዪው፣ ስልኩ ጋይሮስኮፕ (መዞሩን የሚለካ መሣሪያ) እንዳለው አረጋግጪ፤ ርካሾቹ ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ ይህ መሣሪያ የላቸውም፣ ራስ ቢዞርም ምስሉ አይዞርም። ፋይሉን ቀድመሽ አውርጂ። መብራትና ኔትወርክ አይታመኑም።

ፈቃዱ ግን ከካሜራው ይከብዳል። 360 ዲግሪ የሚያስቀረው የለም፤ ገዢውን፣ ልጆቹን፣ የብሎክ ቁጥሩን ሁሉ ይቀርጻል። ደንብ አስከባሪ ማዳበሪያቸውን ሲሰበስብባቸው የኖሩ ሰው ቦታቸው እንዲታወቅ ላይፈልጉ ይችላሉ፤ እሺ ካላሉ ተይው። እሺ ካሉም ካሜራ ሰው ያከማቻል፣ ገበያ ይዘጋል፤ የሚያጡትን ገቢ ቀድመሽ ተስማምተሽ ክፈዪ።

ሲያልቅ መነጽሩን መጀመሪያ የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። ይጥፋ ያሉትን አጥፊ። ሻሻቸውንም እንዳታስወልቂ፤ የመነጽሩን ማሰሪያ ፍቺና መነጽሩን በእጃቸው ይያዙት።

እናትሽ