ቀይ ካርድ ለጻፈችብኝ ዳኛ፣ ላላሹኝ ወጌሻ እና ለማርቆስ ሰው

ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ቀን ላበቃኝ ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይድረሰው።

ባለፈው ሳምንት 20 ኪሎ ሜትር የእርምጃ ውድድር ጨረስኩ። አራተኛ ነው የወጣሁት፤ ሜዳሊያ የለም። ግን ከተጎዳሁ ከ14 ወር በኋላ ነው። ያውም ስሜ አጠገብ አንድም ቀይ ካርድ ሳይለጠፍ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። "እንኳን ማረሽ" ያላችሁኝን ሁሉ በየስማችሁ መመለስ ስላቃተኝ ነው ይህን የምጽፈው።

የእኛን ስፖርት ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ፣ አለዚያ የማመሰግናቸው ሰዎች ያደረጉልኝ ነገር አይገባችሁም። እርምጃ ሁለት ሕግ አለው። አንደኛ፣ ዳኛ በዓይኑ ሲያይ ሁለቱም እግር ባንዴ ከመሬት መነሳት የለበትም። ሁለተኛ፣ ፊት የሚቀድመው እግር መሬት ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ ሰውነት በላዩ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ጉልበቱ አይታጠፍም። ዳኛው ከተጠራጠረ ቢጫ ምልክት ያሳያል። ጥፋቱን በግልጽ ካየ ቀይ ካርድ ይጽፋል። ሦስት የተለያዩ ዳኞች ከጻፉ አለቀ። በአንዳንድ ውድድር ደግሞ 2 ደቂቃ ቅጣት ቦታ ቆሞ መቀጠል ይቻላል፤ አራተኛ ከመጣ ግን መውጣት ነው። ዳሌያችን እንደዚያ የሚወዛወዘውም ለዚሁ ነው። ጉልበት ካልታጠፈ እርምጃ የሚያረዝመው ዳሌ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ቀኝ መቀመጫዬ ሥር ነው። የኋላ ጭን ጅማት ከአጥንት የሚያያዝበት ቦታ። ቀስ ብሎ ስለመጣ ናቅሁት። "ድካም ነው" አሉኝ፣ እኔም ለራሴ እንደዚያው አልኩ።

በዚያን ጊዜው ውድድር 14ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንዲት ዳኛ ቢጫውን አሳየችኝ። የታጠፈ ጉልበት ምልክት ያለበትን። በሚቀጥለው ዙር ቀይ ጻፈችብኝ። ሌሎች ሁለት ዳኞች ተከተሉ፣ ከውድድር ወጣሁ። ጥግ ይዤ ሳለቅስ ያቺው ዳኛ ፈልጋ መጣች። መጀመሪያ ፊቴን አዞርኩባት።

"እህቴ፣ የሚታጠፈው ቀኝሽ ብቻ ነው" አለችኝ። "ግራሽ ንጹሕ ነው። የአረማመድ ችግር ቢሆን ሁለቱም ይታጠፉ ነበር። አንቺ ታመሻል። ታከሚ።"

እኔ የደበቅሁትን ጉልበቴ ነግሯታል። እግር ወደፊት ሲዘረጋና ጉልበት ቀጥ ሲል ያ ጅማት ይወጠራል። ሰውነቴ ሕመሙን ሲሸሽ ጉልበቴን ያጥፍ ነበር። እህቴ፣ ያን ቀን አላመሰገንኩሽም። እግዜር ይስጥልኝ። ካርዱንም ምክሩንም።

ከአዲስ አበባ ወደ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ሕመም መቀመጥ ደግሞ ከመራመድ ይብሳል። አባይ በረሃ ሳንደርስ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበሩት እናት ምንም አልጠየቁኝም። ነጠላቸውን አውልቀው አጣጠፉና ከጭኔ ሥር ሸጎጡልኝ፣ የሚያመኝ ቦታ ወንበሩን እንዳይነካ። ማርቆስ ስንደርስ ልመልስ ብል "ያዥው ልጄ፣ ሲሻልሽ ትሰጭኛለሽ" አሉኝ። እናቴ፣ ነጠላዎ ታጥቦ ተቀምጧል። የት እንደማገኝዎት ግን አላውቅም።

በማግስቱ ቤተሰብ ወደ ወጌሻ ወሰደኝ። አባባን በአካባቢያችን የማያውቅ የለም፤ ስንቱን ስብራት አቅንተዋል። በአውራ ጣታቸው ቦታውን ጫን አድርገው ፊቴን አዩ። ደግመው ጫኑት። ቅቤው ተዘጋጅቶ አጠገባቸው ነበር። ከዚያ እጃቸውን ጠረጉና "ተይ ልጄ፣ ይህ የኔ አይደለም" አሉ። "አጥንት ቢሆን እመልሰው ነበር። ይህ ጅማት ነው፣ ባሸው አባብሰዋለሁ። ሐኪም ይየው።" ገንዘብም አልተቀበሉኝም። በሙያው የተከበረ ሰው "ይህ የኔ አይደለም" ለማለት እንዴት እንደሚከብደው አውቃለሁ። አባባ፣ ዕድሜዎን ያርዝመው። ያን ቀን ቢያሹኝ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍ አይመስለኝም።

ባሕር ዳር ያከመኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ደግሞ ትዕግሥት አስተማረኝ። ጅማት ተኝተሽ ብቻ አይድንም፣ ሸክም ቀስ በቀስ እየለመደ ነው የሚጠነክረው አለኝ። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ተረከዜን መሬት ላይ ተክዬ፣ ወገቤን አንስቼ 45 ሰከንድ መቆየት። አምስት ጊዜ። በየቀኑ። ተስፋ ስቆርጥ የፖላንዱን ሮበርት ኮርዜኒዮቭስኪን ታሪክ ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ50 ኪሎ ሜትር ሁለተኛ ሆኖ ስታዲየም ሊገባ ሲል በቀይ ካርድ ተባረረ። ከአትላንታ እስከ አቴንስ በነበሩት ኦሊምፒኮች አራት ወርቅ ወሰደ። ይህን ሰምቼ ያን ምሽት እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቤቱን ሥራ የያዘችው እናቴ ናት። እምዬ በሰዓት አትቆጥርም። እኔ ወገቤን ሳነሳ እሷ አቡነ ዘበሰማያት ትጀምራለች። ረጋ ብላ ስትደግመው ለ45 ሰከንድ ትንሽ ይቀረዋል፣ እሱን "አሜን" ላይ ታረዝምልኛለች። ቆሜ የምሠራው ሲጀመር ጀሪካን ውኃ ትሞላልኛለች። መጀመሪያ 5 ሊትር፣ ከዚያ 10፣ በስተመጨረሻ 20። አብሹንና አጥሚቱን አልቆጥረውም፤ እሱን ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ደመወዜን ላልቆረጠው ክለቤ፣ ላልተቀየመኝ አሠልጣኜ፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው። "አለቀላት" ያሉም ነበሩ። እግዜር ይስጣቸው፣ እነሱንም አልረሳኋቸውም።

ከማርቆስ ወደ አማኑኤል በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትውሉ ሁሉ፣ ይህ ለናንተ ነው። ድሮ ስጀምር "ኧረ ይችን ልጅ ምን ነካት?" ትሉ ነበር። ልጆች ከኋላዬ ዳሌያቸውን እየወዘወዙ ይከተሉኝ ነበር። ስመለስ ግን እነዚያው ልጆች "ጉልበትሽ ታጠፈ!" እያሉ ይጮሁብኝ ጀመር። ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም። ጨለማው ሳይገፈፍ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ከኋላዬ በቀስታ እየነዳ መብራት ያበራልኝ የባጃጅ ሹፌርም አለ። ለቤንዚን አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ወንድሜ፣ ብድር መላሽ ያድርገኝ።

ባለፈው ሳምንት 14ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያቺው ዳኛ ቆማ ነበር። ገና ከሩቅ አወቅኋት። ቢጫው እጇ ላይ ነው። ቀኝ ጉልበቴን አየች፣ ግራዬን አየች። አላነሳችውም።

እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ እናቴ ቡና ታፈላለች። ቤታችንን የምታውቁ ያላወቁትን ይዛችሁ ኑ። ባለ ነጠላዋን እናት የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ ንገሩልኝ።