ማተብሽን ሳትፈቺ ሂጂ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳዑዲ፣ ሪያድ በነርስነት መቀጠርሽን ስሰማ እልል ብያለሁ። ወኪሉ «ቅጹ ላይ ሙስሊም ብለሽ ሙዪ፣ ቶሎ ያልቅልሻል» ማለቱ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እንዳታደርጊው።

እኔ እዚያ ስሠራ በነበረበት ጊዜ ስማቸውን ለውጠው፣ ፋጡማና ዘይነባ ተብለው የገቡ ልጆች ነበሩ። ኢቃማቸው (የመኖሪያ ፈቃዳቸው) ላይ ሙስሊም ተብሎ ስለተጻፈ ማዳማቸው፣ አሠሪያቸው ማለቴ ነው፣ ስገጂ፣ ጹሚ ትላቸዋለች። ማተቧ የታየባት ልጅ ምን ብላ ትመልስ? ክርስቲያን ነኝ ካለች እስልምናን እንደካደች ይቆጠርባታል፤ ያ ደግሞ በዚያ አገር ከባድ ወንጀል ነው። በስሟና በእምነቷ የገባችውን ግን እንድትሰግድ ሕጉ አያስገድዳትም። የማዳሜ እናት ስለሚወዱኝ «ስለሚ፣ እስልምናን ተቀበይ» እያሉ ይለምኑኝ ነበር። እጃቸውን ስሜ ዝም እላለሁ፤ አንድም ቀን ተቀይመውኝ አያውቁም።

ሳዑዲ ውስጥ አንድም ቤተ ክርስቲያን የለም። ኳታርና ኩዌት አለ፣ እዚያ ግን የለም። የዕረፍት ቀናቸው ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ እሑድ ሥራ ትገቢያለሽ። ውዳሴ ማርያምሽን ክፍልሽ ውስጥ ብቻሽን ድገሚ፣ ለማንም አታስተምሪ፣ መጽሐፍም አታድዪ። ለጸሎት በብዛት መሰብሰብን ፍሪ። በ2004 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ጅዳ ውስጥ አንድ ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ የነበሩ 35 ኢትዮጵያውያን ተይዘዋል፤ 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ወራት ታስረው ነው ወደ አገራቸው የተመለሱት። የቀረበባቸው ክስ ያልተጋቡ ወንድና ሴት ተቀላቅለዋል የሚል ነበር።

አሁን ብዙ ነገር ላልቷል። እኛ ስናያቸው የምንርበደበድላቸው ሙጠዋዎች፣ የሃይማኖት ፖሊሶቹ፣ ሰው የማሰር ሥልጣናቸው በ2008 ተነሥቷል፤ ሴትም ከ2010 ጀምሮ መኪና ትነዳለች። ቢሆንም መጀመሪያ ላይ አባያ፣ ረጅሙን መደረቢያ ቀሚስ፣ ልበሺ፤ የሥራ ባልደረቦችሽን አይተሽ ትወስኛለሽ። መካ እንዳትሄጂ፤ ሙስሊም ላልሆነ ሰው ክልክል ነው። አረቄም ሆነ ጠላ፣ የአበሻ ልጆች ደብቀው ቢጠምቁ እንኳ ደጃቸው አትድረሺ።

በረመዳን ቀን ላይ ሰው ፊት ውኃ እንኳ አትጠጪ፤ ሆስፒታሉ ውስጥ የማይጾሙት የት እንደሚበሉ ጠይቂ። ይህን ለፍርሃት ብለሽ አታድርጊው። እኛ የደሴ ሰዎች ነን፤ ጎረቤት እየጾመ ደጁ ላይ ቡና አናፈላም። የእኛን ሁዳዴ ለባልደረቦችሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሳንበላ 55 ቀን እንደምንጾም ሲሰሙ ያከብሩሻል። እኔ ስጾም ለእኔ ብለው ምስር ያሠሩልኝ እነዚያው የማዳሜ እናት ናቸው።

የሚያስጨንቀኝ የሥጋው ነገር ነው። በስመ አብ ተብሎ የታረደ እዚያ አታገኚም፣ ሁሉም የእስላም ሥጋ ነው። እኔ ዓሣና አትክልት እየበላሁ ነው የቆየሁት፤ አንቺ ግን ሌሊት ቆመሽ የምታድሪ ነርስ ነሽ። ሳትሄጂ የንስሐ አባትሽን አማክሪያቸው፣ እሳቸው ያሉሽን አድርጊ።

ፓስፖርትሽን ለማንም እንዳትሰጪ፤ አሠሪ ይዞ እንዲያስቀምጥ የአገሩ ሕግም አይፈቅድለትም።

ሽሮውና በርበሬው ተዘጋጅቷል፤ ስንት ኪሎ እንደሚፈቀድልሽ አጣሪና ንገሪኝ። ከዚያ በፊት ግን ነገ ጠዋት ወኪሉ ጋ ሄደሽ ቅጹን አስተካክይና ደውዪልኝ።

እናትሽ
ከደሴ