ልክ ነበርክ፣ በረኛዬ

ማንቸስተር፣ ኅዳር ወር፣ ዝናብ

ውድ በረኛዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከረምክ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስድስተኛ ክፍል በቃል ካጠናናት ወዲህ ስንት ጊዜ ጽፌአታለሁ፤ ዛሬ ግን ከበደችኝ። ሦስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ የኖረ ሰው «ከናፍቆትህ በቀር» ሲል ብዕሩም ይታዘበዋል። እናትህ ያረፉ ጊዜ የላክሁት ገንዘብ እንደደረሰህ አውቃለሁ፤ ደረሰኙ እጄ ላይ አለ። ከገንዘቡ ጋር «እግዚአብሔር ያጽናህ» የምትል አንዲት መስመር እንኳን እንዳልነበረች ደግሞ ከደረሰኙ ይልቅ በደንብ አስታውሳለሁ። ምክንያት አልደረድርልህም። የሌሊቱን ፈረቃ፣ ብርዱን፣ የሰዓቱን ልዩነት ሁሉ በልቤ ደርድሬ አይቼው ነበር፤ አንዱም አልቆመልኝም።

እንግዲህ ስለ ኳስ ልጻፍልህ። በኳስ ተኳርፈን አናውቅም ልል ነበር፤ ውሸት ነው፣ የምንኳረፈው በኳስ ብቻ ነበር።

ሆጤ ሜዳ ላይ 5 ለ 4 የተሸነፍንበትን ቀን አልረሳኸውም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ግማሹን ሜዳ ሸፍኖት ነበር። ከአራቱ ሦስቱን ያገባሁት እኔ ነበርኩና አንገቴን ቀና አድርጌ ስወጣ፣ አንተ ጭቃ የጠጣ ሸሚዝህን እየጨመቅህ «አምስቱም የገቡት አንተ ወደ ኋላ ስለማትመለስ ነው» አልከኝ። እኔም «የእኔ ሥራ ማግባት ነው፣ ያንተ መያዝ» አልኩህ። እቤታችሁ እስክንደርስ ሳንነጋገር ሄድን። እማማ ቆሎውን በሰፌድ አቅርበው፣ ነገሩን ከሰሙ በኋላ «ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል፤ እንግዲህ ብሉ» ያሉን ያን ዕለት ነው።

ያ ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም ነበር። ባለፈው ወር ግን ዳኛ አገኘሁለት፤ ፈርዶ የተቀመጠውም እኛ ሳንወለድ ነው።

እዚህ መሀል ከተማው ላይ ክብ ሆኖ የተሠራ ትልቅ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ የተከፈተው በ1934 ነው (ዛሬ የምጽፍልህ ዓመት፣ ወርና ቀን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትምታታ)። ፈረቃዬ እስኪደርስ ከዝናብ ልጠለል ብዬ ገባሁና የድሮ ጋዜጣ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያዘኝ። አሁን ዝናብ ባይኖርም እገባለሁ። በ1937 የጸደይ ወራት ላይ ስደርስ ማንቸስተር ሲቲ ሻምፒዮን ሊሆን ሲገሰግስ አገኘሁት። ዛሬ የምታየው በገንዘብ የሰከረው ሲቲ አይደለም፤ ሜይን ሮድ በሚባል ሜዳ፣ በጭስና በጥጥ ፋብሪካ መካከል የሚጫወት ክለብ ነበር። ከገና ማግሥት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቀን 22 ጨዋታ ሳይሸነፍ ቆየ። በአንደኛ ዲቪዚዮን፣ ያኔ ከሁሉ በላይ በነበረው ሊግ፣ 107 ጎል አገባ። ፒተር ዶኸርቲ የሚባል ቀይ ፀጉር የሰሜን አየርላንድ ልጅ ብቻውን 30 አስቆጠረ። ሚያዝያ 24 ቀን ሼፊልድ ዌንስደይን 4 ለ 1 ረትተው በታሪካቸው የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ወሰዱ።

ያን ጊዜ ደሴ በጣሊያን እጅ ከወደቀች ዓመት አልፏት ነበር። አያትህ የነገሩን የቦምቡ ቀን ትዝ ይለኛል። ንጉሡም እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ባዝ በምትባል ከተማ በስደት ተቀምጠዋል። የኳሱን ገጽ ሳነብ ዓይኔ ወደዚያ እየሸሸ ሲያስቸግረኝ እንደነበር አልደብቅህም። በዚያው በጋ ሲቲ ጀርመን ድረስ ሄዶ በበርሊኑ የኦሎምፒክ ስታዲየም ተጫውቷል። ከጨዋታው በፊት እጃችሁን ዘርግታችሁ የናዚን ሰላምታ ስጡ የተባሉት ተጫዋቾች ቀጥ ብለው ከመቆም ሌላ ምንም እንዳላደረጉ ዶኸርቲ በኋላ ተናግሯል። ይህን ሳነብ ወደድኳቸው። አንተ የዩናይትድ ደጋፊ ስለሆንክ ይህን አልሰማህም በል፣ ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

አዲሱ የውድድር ዓመት በነሐሴ ተጀመረ። ያው ቡድን ነው፣ ያው ዶኸርቲ፣ ያው ኤሪክ ብሩክ በግራ ክንፍ፣ ያው አሰልጣኝ ዊልፍ ዋይልድ። አጀማመሩን ያየ ሰው ይሳሳታል። መስከረም ላይ ደርቢ ካውንቲን 6 ለ 1 አደባዩት፤ ጥር ላይ ደግሞ ደርቢ ድረስ ሄደው 7 ለ 1። በኅዳር የቻሪቲ ሺልድን ጨዋታ ሰንደርላንድን 2 ለ 0 ረትተው ወሰዱ። እንዲህ ያለ ቡድን ምን ይሆናል ብለህ ብትጠይቀኝ፣ ሁለተኛ ዋንጫ ይወስዳል እልህ ነበር።

ግን በዚያው ሳምንትና በሚቀጥለው ሳምንት መካከል ሌላ ሲቲ ነበር። ዛሬ ስድስት ያገባው ነገ በአንድ ጎል ይሸነፋል፤ ከሜዳው ውጭ ሲወጣ ደግሞ እግሩ ይከዳዋል። ውጤቱን በመስመር በመስመር እየገለበጥኩ ስጽፍ አንድ ነገር ታወቀኝ፤ በወንፊት ውኃ የሚቀዱ ሰዎች ነበሩ። መቅዳቱን ያውቁበታል፣ ማንም አይደርስባቸውም፤ ከታች ግን ይፈስሳል። የኤፍኤ ካፑም ሩብ ፍጻሜ ላይ ከሁለተኛ ዲቪዚዮኑ አስተን ቪላ ጋር ገጥመው 3 ለ 2 ተሸንፈው ቀሩ። ሁለት አግብተው፣ ሦስት ገብቶባቸው። የምልህ ይገባሃል አይደል?

ያ ዓመት ደግሞ የጉድ ዓመት ነው። በሊጉ አናትና ግርጌ መካከል የነበረው ልዩነት 16 ነጥብ ብቻ ነበር፤ አንደኛው 52፣ መጨረሻው 36። ያኔ ማሸነፍ ሁለት ነጥብ ነው የሚያስገኘው። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ያሸነፈ ወደ ላይ ይተነፍሳል፣ ሁለት ሳምንት የተሸነፈ ገደል አፋፍ ላይ ራሱን ያገኛል። ሚያዝያ 30 ሲቲ ሊድስን 6 ለ 2 አሸነፈና የመጨረሻው ቅዳሜ መጣ፤ ግንቦት 7 ቀን 1938፣ ሀደርስፊልድ ሜዳ ላይ።

እስቲ ሒሳብ ትወዳለህና አብረን እንሥራው። ሲቲ ወደዚያ ሜዳ የገባው በ36 ነጥብ ነው፣ ሀደርስፊልድ በ37። ሀደርስፊልድ ከሳምንት በፊት በዌምብሌይ ለኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ቀርቦ፣ በተጨማሪው ሰዓት መጨረሻ ደቂቃ በተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት በፕሬስተን የተሸነፈ፣ ቁስሉ ያልደረቀ ቡድን ነው። ሲቲ ቢያሸንፍ 38 ይሞላል፤ በ38 ላይ ሌሎች አራት ክለቦች ተደርድረዋል፤ ያን ጊዜ እኩል የሆኑትን የሚለዩት ያገቡትን በገባባቸው አካፍለው ነውና ሲቲ ከአራቱም ይበልጣል። በእሱ ቦታ የሚወርደው ሀደርስፊልድ ራሱ ነው። አንድ ጎል ናት ጨዋታውን የለየችው። ሀደርስፊልድ 1፣ ሲቲ 0።

ሰማንያ ጎል ያገባ ቡድን፣ በዚያች ቀን አንዲት ጎል እንኳን አጣ።

አዎ፣ 80። በዚያ ዓመት በአንደኛ ዲቪዚዮን ከ22 ክለቦች የሲቲን ያህል ያገባ የለም። ሻምፒዮን የሆነው አርሰናል ያገባው 77 ነው። አሁን ደግሞ ቁጭ ብለህ አንብብ፤ ሲቲ ላይ የገባው 77፣ አርሰናል ላይ የገባው 44። አሥራ አራት ድል፣ ስምንት አቻ፣ ሃያ ሽንፈት፣ ሃያ አንደኛ ደረጃ። ከዚያ ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት በእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆኖ በማግሥቱ ዓመት የወረደ ሌላ ክለብ የለም። ከገባበት በላይ አግብቶ ወረደ! «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል፤ እነዚህ ግን ሲሾሙም በሉ፣ ሲሻሩም በሉ፣ ማዕዱን የሚጠብቅ ሰው ብቻ አጡ።

ያንተንም ድርሻ ልስጥህ። ሲቲ ዋንጫ ሲያነሳ ዩናይትድ ወደ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ ነበር። ሲቲ ሲወርድ ዩናይትድ ከአስተን ቪላ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ወጣ። ደረጃ ላይ እንደሚተላለፉ ጎረቤታሞች፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲወርድ። ሰላምታ ተሰጣጥተው ይሆን? ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ እንደምታነበው አውቃለሁ፣ አንብበው፣ ፈቅጃለሁ።

አሁን ስለ በረኛቸው ልንገርህ፤ ደብዳቤውን የጀመርኩትም ለእሱ ስል ነው። ስሙ ፍራንክ ስዊፍት። ኳስ የሚይዝበት እጁ የሰፌድ ያህል ነበር ይላሉ። ኳሱን ዝም ብሎ ወደ ሰማይ ከመለጋት ይልቅ በእጁ ወርውሮ ለጓደኛው ማድረስን ካስለመዱት አንዱ እሱ ነው፤ አንተ ስታደርገው እኛ «ልገው!» እያልን የምንጮህብህን ማለቴ ነው። በዚያ በክፉው ዓመት አንድም የሊግ ጨዋታ አላመለጠውም። ሰባ ሰባቱም ሲገቡ እዚያው ቆሞ ነበር። ኳሱን ከመረቡ ጎንበስ ብሎ ማውጣት ሰባ ሰባት ጊዜ! ዶኸርቲ በዚያ ዓመት ያገባት እያንዳንዷ ጎል በጋዜጣ አለች፤ የስዊፍትን ጀርባ የቆጠረ ግን አላገኘሁም።

ከዚያ አራት ዓመት በፊት፣ በ1934፣ ዕድሜው ገና ሃያ ሳለ የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ ቆሟል። ዝናባማ ቀን ነው፤ ጓንት ልልበስ አልልበስ ሲያወላውል የተጋጣሚያቸው የፖርትስመዝ በረኛ ባዶ እጁን መሆኑን አይቶ ሳያደርግ ቀረ፣ ኳሷም በእጁ አልፋ ገባች። በዕረፍት ሰዓት ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። አጥቂው ፍሬድ ቲልሰን ጠጋ ብሎ፣ አትጨነቅ፣ በሁለተኛው አጋማሽ ሁለት አገባለሁ አለው። ወጥቶም ሁለት አገባ። 2 ለ 1። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ስዊፍት ከጭንቀቱ ብዛት ራሱን ስቶ ወደቀ፤ በማግሥቱ ሳምንት የእንግሊዙ ንጉሥ ደህና ነው ወይ ብለው በቴሌግራም ጠየቁለት።

ይህን ያነበብኩ ቀን ሥራ ዘግይቼ ገባሁ። ቲልሰን ለበረኛው የተናገራትን እኔ ለአንተ አንድም ቀን አልተናገርኩም። አምስት የገባብህ ቀን ሦስቴን ቆጠርኩ እንጂ።

ክለቡ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብትለኝ፣ አሰልጣኙን አላባረሩትም፤ ዋይልድ እስከ 1946 ቆየ። በሁለተኛ ዲቪዚዮን በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ 96 ጎል አገቡና አምስተኛ ሆነው አልወጡም። አይማሩም! ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን የተመለሱት በ1947 ነው። ሜይን ሮድ ዛሬ የለም፣ ፈርሶ ቤት ተሠርቶበታል። ባለፈው እሑድ ሄጄ አየሁት፤ አንዲት ሴትዮ ልብስ አስጥታ ነበር፣ በዚህ አገር ፀሐይ።

የእኔን ወሬ ጠይቀኸኝ እንደሆነ፣ እሑድ እሑድ ከአገር ልጆች ጋር መናፈሻ ውስጥ እንጫወታለን፤ ሆዳችን ቀድሞን ኳሱ ዘንድ ይደርሳል። ከሁለት ሳምንት በፊት በረኛችን ቀረና «አንተ ቁም» ተባልኩ። ስድስት ገባብኝ። አጥቂያችን፣ ገና ሃያ አምስት ያልሞላው ልጅ፣ አራት አግብቶ እየሳቀ ወጣ። «ወደ ኋላ ተመለስ እንጂ!» ብዬ ስጮህ ድምፄ ያንተ ድምፅ ሆኖ ሰማሁት።

እንግዲህ ልክ ነበርክ። ይኸው ፈርሜበታለሁ።

የበረኛ ጓንት ገዝቼልሃለሁ። ቁጥሩን በእጄ ለክቼ አንድ ጣት ያህል ጨመርኩበት፤ ጉልበትህ እንቢ ካለህም እንኳን ግድግዳ ላይ ስቀለው። ለጥምቀት ፈቃድ አግኝቻለሁ፣ ቲኬቱም ተቆርጧል። የእማማ መቃብር በየትኛው ቤተ ክርስቲያን፣ በየት በኩል እንደሆነ ጻፍልኝ፤ ከአውቶቡስ እንደወረድኩ መጀመሪያ ወደዚያ ነው የምሄደው፣ ከዚያ ወደ አንተ።

ያንተው ዘጠኝ ቁጥር