ኮተት የሞላበት ቤት በጥድፊያ አይሸጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቤት ሽያጭ የሚወጡ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጋግሩት ቀለም የተቀባ፣ በሩ ሲገፉት የሚከፈት ቤት ያለውን ሰው ነው። ለዓመታት ዕቃ ሲቆለልበት የኖረ፣ ወይም ባለቤቱ ሲያረጁና ሲታመሙ ጥገና ያጣ ቤት እጁ የገባ ሰው የሚያነበው ብዙም አያገኝም። የሚሰማው ምክር ሁለት ነው፤ አንዱ «እንዳለ ሽጠህ ተገላገል» ይለዋል፣ ሌላው «አሳምረህ አድሰህ ሽጥ» ይለዋል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ሻጩን ይጎዳሉ። የሚያዋጣው ቤቱን ባዶ አድርጎ፣ አጽድቶና አስመርምሮ፣ ትልቁን እድሳት ለገዢው መተው ነው። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው አሠራሩን በዝርዝር ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ስሌቱ። ቤት ገዝተው አድሰው የሚሸጡ ነጋዴዎች በስፋት የሚጠቀሙበት ቀመር አለ፤ ቤቱ ታድሶ ከሚያወጣው ዋጋ 70 በመቶውን ይይዙና የእድሳቱን ወጪ ከዚያ ላይ ይቀንሳሉ። ታድሶ 100 የሚያወጣ ቤት እድሳቱ 25 የሚፈጅ ከሆነ የሚያቀርቡት ዋጋ 45 ነው። ወለሉና ግድግዳው በግሳንግስ ሲሸፈን ግን ነጋዴው ያላየውን ሁሉ የበሰበሰ አድርጎ ይቆጥራል፤ እድሳቱን 40 ቢለው ዋጋው 30 ላይ ይወድቃል። በመካከል የጠፋው 15 የጥርጣሬ ዋጋ ነው። ቤቱን ባዶ ለማድረግ የሚወጣው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በእጅጉ ያንሳል።

ሙሉ እድሳት ውስጥ የገባ ሻጭ ደግሞ ግድግዳ በፈረሰ ቁጥር አዲስ ጉድ ይገለጥበታል፤ ገንዘቡ መሀል ላይ ያልቃል። የመረጠውን የወለል ንጣፍም ገዢው ሊነቅለው ይችላል። መጠገን ያለባቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የማይሠራ መጸዳጃ፣ የተቋረጠ ውሃና አደገኛ የኤሌክትሪክ መስመር። አበዳሪ ባንኮች ለመኖሪያ በማይበቃ ቤት ላይ ብድር ለመስጠት ያመነታሉ። እነዚህ ካልተስተካከሉ የሚቀረው ገዢ ጥሬ ገንዘብ የያዘው ነጋዴ ብቻ ነው።

ባለቤቱ በሕይወት ካሉ ከዕቃው በፊት የእሳቸው ነገር ይቀድማል። ዕቃ መጣል አለመቻልና ያለ ልክ ማከማቸት በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ራሱን የቻለ የአእምሮ ጤና ችግር ሆኖ ሰፍሯል፤ በስድብና በግሳጼ አይታከምም። እሳቸው በሌሉበት የጭነት መኪና አቁሞ መጫን ከባድ ጭንቀት ያስከትላል፣ በቤተሰብ ላይ ያላቸውን እምነት ያጠፋል፣ በሚዛወሩበት ቤትም ክምሩ ብዙውን ጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሳጥን በሳጥን አብሮ ተቀምጦ፣ ውሳኔውን ለእሳቸው ትቶ፣ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ መሥራት ይሻላል። ቤቱ የውርስ ከሆነ ደግሞ ወራሾች ሁሉ በጽሑፍ ሳይስማሙ አንድ ወንበር እንኳ መውጣት የለበትም፤ ብዙ ሽያጭ የሚከሽፈው በዋጋ ክርክር ሳይሆን «ያንን ዕቃ ማን ወሰደው» በሚል ጠብ ነው።

ሥራው ሲጀመር እያንዳንዱ ክፍል ፎቶ ይነሣል። የኤሌክትሪክ ዋና ማብሪያው ይጠፋል፣ የጋዝ መስመር ካለ ይዘጋል፤ ክምር ውስጥ የተቀበረ ገመድ አይጥ ልጦት ሊሆን ስለሚችል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያየው መልሶ ማብራት የእሳት አደጋ ነው። ሠራተኞች ወፍራም ጓንት፣ መርፌና ሚስማር የማይበሳው ጫማ፣ መነጽር፣ እንዲሁም ኤን95 ወይም ከዚያ የተሻለ የአፍና አፍንጫ መከላከያ ያስፈልጋቸዋል። ተራ የጨርቅ ማስክ ጥቃቅኑን አቧራ አያስቀርም። የቲታነስ ክትባታቸው ጊዜ ያላለፈበት መሆኑም ይረጋገጥ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአይጥ ኩስ ላይ ነው። ያየ ሁሉ መጥረጊያ ያነሣል፤ መጥረግ ግን ሃንታ ቫይረስን የመሰሉ በሽታ አምጪዎችን ከአቧራው ጋር ወደ ሳንባ ይልካል። መስኮትና በር ከፍቶ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ማናፈስ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ኩሱን ማራስ፣ 5 ደቂቃ መጠበቅ፣ በወረቀት ፎጣ አፍሶ በድርብ ፌስታል ማሰር ነው። ይህ በረኪና ግን የሰው ወይም የድመት ሽንት በተጠራቀመበት ቦታ ላይ መፍሰስ የለበትም። ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይፈጠራል። ከኮምጣጤና ከአሲድ ነክ የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በጠባብና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ሰው ይጥላሉ።

ክምሩ የሚነሣው ከበሩ ጀምሮ ነው። መጀመሪያ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው መተላለፊያ እስከ ሁለተኛው መውጫ ወይም እስከ መስኮት ድረስ ይከፈታል፤ ሠራተኛ ቢጎዳ የሚወጣው በዚያ ነው። ዕቃ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከሥር መምዘዝ ክምሩን በሰው ላይ ይንዳል። ፎቅ ላይ ያለ የወረቀት ቁልል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚነደፈው በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ ግራም እንዲሸከም ሲሆን፣ አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ጠበቅ ብሎ የተደረደረ የመጽሐፍ ክምር ግን በካሬ ሜትር ከ600 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል። ወለሉ የጎበጠ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ መሐንዲስ ሳያየው ብዙ ሰው አንድ ላይ አይግባበት።

የጭነቱን መጠን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። 4 በ4 ሜትር የሆነ ክፍል በአማካይ 1.5 ሜትር ከፍታ ድረስ ከተሞላ 24 ሜትር ኩብ ዕቃ አለበት፤ 8 ሜትር ኩብ ለሚጭን መኪና ሦስት ምልልስ ነው። ወረቀት ሲሆን መኪናው ሳይሞላ ክብደቱ ይደርሳልና ምልልሱ ይጨምራል። በክፍል ብዛት ብቻ ዋጋ የሚቆርጥ ጫኝ በኋላ ተጨማሪ መጠየቁ አይቀርም፤ ስለዚህ ውሉ በሜትር ኩብ ወይም በቶን ይሁን።

ወረቀት ሳይገለጥ አይጣልም። የባለቤትነት ሰነድ፣ ኑዛዜና የባንክ ደብተር በአሮጌ ጋዜጣ መካከል ይገኛሉ፤ ገንዘብና ወርቅ በኮት ኪስ፣ በመጽሐፍ ገጽ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይደበቃል። ለዚህ ሥራ ብቻ አንድ ታማኝ የቤተሰብ አባል መመደብ አለበት፣ ለጫኞች የሚተው አይደለም። ቀለም፣ የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ባትሪ፣ የጋዝ ሲሊንደርና የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ለብቻቸው ተለይተው ለአደገኛ ቆሻሻ ተቀባይ ይሰጣሉ። ለወራት ኤሌክትሪክ የተቋረጠበት ማቀዝቀዣ ቤት ውስጥ አይከፈትም፤ በሩ በፕላስተር ተጠቅልሎ እንዳለ ይወጣል። አሮጌ ጣሪያ፣ የቧንቧ ሽፋን ወይም የወለል ንጣፍ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የግንባታ ቁስ) ሊኖርበት ስለሚችል ሳይመረመር አይሰበርም፣ አይቆረጥም። አሮጌ ቀለምም በደረቁ አይፋቅ፤ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ካለበት ብናኙ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ ጠንቅ ነው።

ሽታ ዋጋ ይጥላል፤ ሳያስወግዱት ቀለም መቀባት ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው። ሽንት ምንጣፉን አልፎ ሥሩ ያለው ስፖንጅ ውስጥ፣ ከዚያም እንጨቱና ሲሚንቶው ውስጥ ይሰርጋል። የዩሪክ አሲድ ቅንጣቶቹ በውሃና በሳሙና በቀላሉ ስለማይለቁ፣ አየሩ በረጠበ ቁጥር ሽታው ይመለሳል። ምንጣፉና ስፖንጁ ተነቅለው ይጣላሉ፤ ወለሉ ኢንዛይም ባለው ማጽጃ ርሶ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ያህል ይቆያል፣ ፈጽሞ ይደርቃል፣ ከዚያ ሽታ በሚያፍን የሼላክ ፕራይመር (ከቀለም በፊት በሚቀባ መሠረት) ይታተማል። የፍሳሽ ሽታ ከሆነ ግን ቧንቧ ተሰብሯል ብሎ ወለል ለመቆፈር አይቸኮል። በመታጠቢያና በወለል ፍሳሽ ሥር ያለው የታጠፈ ቧንቧ የሚይዘው ውሃ ቤቱ ተዘግቶ ሲቆይ ይደርቅና ጋዙን ያሳልፋል፤ በየአንዳንዱ አንድ ሁለት ሊትር ውሃ ሲፈስስበት ሽታው ብዙ ጊዜ ይቆማል።

ባዶ ቤት ራሱን ይናገራል። ቧንቧዎች ሁሉ ተዘግተው የውሃ ቆጣሪው ይነበባል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድጋሚ ይነበባል፤ ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሚያፈስ ቦታ አለ። በመስኮትና በመጸዳጃ አካባቢ ያለ እንጨት በጠመንጃ መፍቻ ይወጋል፤ ያለ ጉልበት ከገባ በስብሷል። ከ5 ሚሊ ሜትር የሰፋ ወይም ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ለመሐንዲስ ይታይ። ሻጋታ እርጥበት ባገኘ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ መብቀል ስለሚጀምር የውሃውን ምንጭ ሳይደፍኑ ግድግዳ መጥረግ ከንቱ ድካም ነው። ከአንድ ካሬ ሜትር ያነሰውን በመከላከያ ራስን ሸፍኖ ማጽዳት ይቻላል፤ ከዚያ የሰፋው የባለሙያ ሥራ ነው።

የምርመራው ሪፖርት ከፎቶዎቹ ጋር ለገዢዎች ሁሉ እኩል ይሰጥ። «ባለበት ሁኔታ ተሸጧል» የሚለው ሐረግ በብዙ አገር ሕግ የታወቀ ጉድለትን ከመግለጽ ግዴታ አያድንም፤ የተደበቀ ጉድለት ከሽያጭ በኋላ ክስ ይዞ ይመጣል። ውሉ ላይ ሦስት ነገሮች በጥንቃቄ ይታዩ። ቀብዱ እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ ገዢው ለመውጣት አይሳሳም። ገዢው ቤቱን እንዲያስመረምር የሚሰጠው ጊዜ ከተንዛዛ በመጨረሻው ሳምንት «ይህን ያህል ቀንስልኝ» የሚል ድርድር ይከፈታል። ውሉን ለሦስተኛ ወገን የማስተላለፍ መብት ከተሰጠም ገዢ የመሰለው ሰው ደላላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የቤቱ የእሳት መድን ካለም ይነበብ፤ ብዙ የመድን ውሎች ቤቱ ሰው ሳይኖርበት ከ30 ወይም ከ60 ቀን በላይ ሲቆይ ሽፋናቸውን ይቀንሳሉ ወይም ያቋርጣሉ፣ ማጽዳቱና ሽያጩ ደግሞ ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል መድን ሰጪው አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገረው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ጥገናና ሽያጭ ባለሙያ የሆነ አንባቢያችሁ