ቁፋሮው ለምን አልተጀመረም?

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን ስልካችን ፋታ አጥቷል። ጥያቄው ያው አንድ ነው፤ «የውሃና የፍሳሽ ቱቦው ተገዝቶ ግቢ ውስጥ ተቆልሏል፣ ምን እየጠበቃችሁ ነው?» የምንጠብቀው የፈቃድ ወረቀት ነው። ሰበብ ቢመስላችሁ አንፈርድባችሁም፣ እኛም ግንባታ ስናስገነባ እንዲሁ ነው የምንለው።

ከአጥር ወዲህ ያለው ግቢ የናንተ ነው። ከበር ውጪ ያለው ግን የከተማው ነው። ውሃ ለማስገባትም ሆነ ፍሳሽን ከዋናው መስመር ጋር ለማገናኘት የምናመለክተው ለውሃና ፍሳሽ ባለስልጣን ቅርንጫፍ ነው። አስፋልት ወይም ኮብልስቶን የሚነሳ ከሆነ መንገዱን የሚመለከተው ክፍልም መስማማት አለበት፣ መልሶ የመጠገኛው ክፍያም አለ። መንገድ ዳር ዛፍ ካለ ደግሞ ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ማመልከቻ። አንዱ ቢሮ የሌላውን ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ባለሙያው መስክ ወጥቷል ይባላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንቱ ያልቃል።

ታዲያ ለምን ዝም ብለን አንቆፍርም? አንድ ጊዜ ቆፍረናል። በቱሉ ዲምቱ በኩል ደንበኛችን ቸኩለው ነበር፣ እኛም እሁድ ነው ማን ያየናል ብለን ገባንበት። ከሰዓት በኋላ ዶማው በየትኛውም ፕላን ላይ ያልነበረ የውሃ መስመር በሳው። ሰፈሩ እስከ ማክሰኞ ውሃ አላገኘም። አንዲት እናት ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙና አንድም ቃል ሳይናገሩ አዩን። ቅጣቱንም ጥገናውንም ከፈልን፤ እስካሁን የሚያሳፍረን ግን የእሳቸው ዝምታ ነው።

ሌላው የሚያዘገየን ፕላኑ ነው፣ እዚህ ላይ ግን ልታግዙን ትችላላችሁ። የፍሳሽ ቱቦ የሚሠራው በቁልቁለት ነው። ለተለመደው 110 ሚሊሜትር ቱቦ በየሜትሩ ወደ 2 ሳንቲሜትር ዝቅታ እንሰጣለን። ከሽንት ቤታችሁ እስከ መንገዱ ማንሆል (የዋናው ፍሳሽ መስመር ጉድጓድ) 30 ሜትር ቢሆን ቱቦው ማንሆሉ ጋር ሲደርስ 60 ሳንቲሜትር ወርዷል ማለት ነው። ማንሆሉ ራሱ ጥልቀት ከሌለውስ? አበቃ፣ አይገናኝም። ስለዚህ የምድር ቤቱ ወለል ከመሞላቱ በፊት ጥሩን፣ የማንሆሉን ጥልቀት እንለካለን። ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ የጠሩን ሰዎች ምን ያህል እንዳወጡ ባንነግራችሁ ይሻላል።

የውሃ ቱቦና የፍሳሽ ቱቦ በአንድ ቦይ ጎን ለጎን ይቀበሩ፣ ቁፋሮ ይቆጥባል የምትሉም አላችሁ። አይሆንም። በኛ ዳርቻ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። መስመሩ ባዶ ሲሆን ግፊት አይኖረውም፣ ቱቦው ትንሽ ስንጥቅ ካለው በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚያ ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀዳው ማን ነው? ልጆቻችሁ። ሁለቱ ቱቦዎች የሚተላለፉበት ቦታ ካለ ውሃው ከላይ፣ ፍሳሹ ከታች ይሆናል፣ በዚህ አንደራደርም።

ስለ ዛፍ። «በሌሊት እንጣላት» ያላችሁን ሁለት ሰዎች ስማችሁን አንጠራም። ዛፉን መቁረጥ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ግንዱ አጠገብ ቆፍረን በአንድ ጎን ያለውን ሥር ብንበጥሰው ክረምት ላይ ንፋስ ሲመጣ በአጥራችሁ ላይ ይወድቃል። ሥሩም ቢሆን የሚያፈስ መገጣጠሚያ ካገኘ ገብቶ ቱቦውን ይደፍነዋል፣ በተለይ የባህር ዛፍና የሾላ ሥር። ቦዩን ማዞር አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሜትር ተጨማሪ ቱቦ በላይ አያስወጣም። ማመልከቻው ላይ ዛፉ ከነቦታው ስለሚሣል፣ እባካችሁ ለልኬት ስንመጣ «እሱን ተዉት፣ አታሣዩት» አትበሉን።

ዋናው የፍሳሽ መስመር ያልደረሰባችሁ፣ ማለትም አብዛኞቻችሁ፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም ፍሳሹ ግቢ ውስጥ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው የምንሠራላችሁ። ክዳኑን አትድፈኑት፣ መምጠጫ መኪናው የሚቆምበት ቦታም ተዉለት።

ከከተማው ወሰን ጫፍ ላይ ያላችሁ ደግሞ ካርታችሁን አውጥታችሁ እዩት። አዲስ አበባን የከበበው ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ መንገዱ ማዶና ወዲህ የተለያየ አስተዳደር የሆነበት ቦታ አለ። ማመልከቻ የተሳሳተ በር ከገባ ተመልሶ የሚመጣው ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ከናንተ የምንፈልገው የካርታ ኮፒ፣ መታወቂያና የግንባታ ፈቃድ ነው፣ ባለቤቱ ውጭ አገር ከሆነም ውክልናው። የመንግሥት ክፍያ በናንተ ስም ደረሰኝ ይቆረጥለታል። «ለሻይ» ብሎ በኛ ስም ብር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ የኛ ሰው አይደለም፣ ደውሉልን።

ግንቦት ላይ መጥታችሁ «ከዝናቡ በፊት ጨርሱልን» የምትሉ ግን አንችልም። የአቃቂና የቱሉ ዲምቱ ጥቁር አፈር ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቱቦውን ከሥሩና ከዙሪያው አሸዋ ሳናለብስ አንቀብረውም፣ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ይህ ሥራ አይሠራም። ሰነዳችሁን እስከ ጥር መጨረሻ አምጡልን፣ ቅዳሜም እስከ 6 ሰዓት ቢሮ አለን።