የቋንቋ ክበብ፦ ዓመቱን በአንድ ቃል

ዓመቱን ስንጀምር ዕቅዳችን በየሳምንቱ አንድ ቃል ማጥናት ነበር። «መዲና» ላይ ስንደርስ ዕቅዱ ፈረሰ። ልጆቹ ቃሉን አንለቅም አሉ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ተከተልኳቸው።

ነገሩን የጫረችው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። በዓረብኛ የትኛውም ከተማ መዲና ነው። «ታዲያ አማርኛ ለዋናው ከተማ ብቻ ለምን ሰጠው?» አለች። ዕብራይስጡን ስናይ ጭራሽ ግራ ገባን፤ እዚያ መዲና ሀገር፣ መንግሥት ማለት ነው። በመጽሐፈ አስቴር መጀመሪያ ላይ የተቆጠሩት 127 አገሮች በዕብራይስጡ የተጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ፈረንሳይኛ ደግሞ የሰሜን አፍሪካ ከተሞችን አሮጌ ሰፈር መዲና ይለዋል። ቱርክኛ ከዚሁ ዘር «መደኒየት» የሚል ቃል አለው፤ ሥልጣኔ ማለት ነው።

አንድ ቃል እንዴት ይህን ሁሉ ይሆናል? ቁልፉን ያገኘነው ከሥሩ ነው። «መ» ባዕድ መነሻ ናት። እሷ ስትወጣ ደ-የ-ነ ይቀራል፤ ፈረደ፣ ዳኘ ማለት ነው። ቃሉ የመጣው ከአራማይክ ሲሆን፣ በመነሻው አንድ ዳኛ የሚፈርድበት ግዛት ነበር። ግዛቱን ያዩት ሀገር አሉት፤ ዳኛው የተቀመጠበትን ያዩት ከተማ አሉት። የእኛ «ዳኛ»ም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። በግዕዝ ደየነ፣ በዕብራይስጥ ዳያን እንላለን። «ዳንኤል» ማለትም «እግዚአብሔር ዳኛዬ ነው» ማለት ነው። ይህን ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ክፍሉ በጭብጨባ ቀወጠ። በማስተማር ዘመኔ ለሰዋስው ሲጨበጨብ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ አንድ ልጅ «ሀገር»ን አመጣ። በግዕዝ ሀገር ከተማ ነው። በደቡብ ዓረቢያ ጥንታዊ የድንጋይ ጽሑፎችም ሀ-ገ-ረ ከተማ ነው። አማርኛ ከተማዋን አስፍቶ አገር አደረጋት። የመዲና ታሪክ በሌላ መንገድ ተደገመ ማለት ነው!

እዚህ ላይ ተሳስተናል። የዓረብኛውን «ሐጀር»፣ ድንጋይ ማለት ነው፣ የሀገር ዘመድ አድርገን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። የዓረብኛው ገ ወደ ጀ ስለሚዞር ነገሩ ያሳምናል፤ ግመል ጀመል እንደሚባለው። ግን ሀገር የምትጻፈው በሃሌታው ሀ ነው፣ ሐጀር በሐመሩ ሐ። አማርኛ ስንናገር ሁለቱን አንለይም፤ ዓረብኛ ግን ይለያል። ለዚህ ነው ፊደላቱ አንድ ድምፅ ስላላቸው ይቀነሱ የሚለው ሐሳብ የሚያሳስበኝ። ልዩነታቸው የቃላትን ዘር ይነግረናል።

ልጆቹ የሐጀርን ወረቀት አወረዱ። ሀገርን ግን ከመዲና ጎን ሰቀሏት።