ያልረገፈው ዛላ

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ሰው አደኑን ትቶ እንዴት አንድ ቦታ እንደረጋ ጠይቀሽኛል። እኔ ከስንዴ ዛላ መጀመር ይሻለኛል።

የዱር ስንዴ ሲደርቅ ዛላው በየመገጣጠሚያው እየተሰበረ ይረግፋል። ለዘሩ ይበጀዋል፣ ለአጫጁ ግን ኪሳራ ነው። አልፎ አልፎ ደርቆም የማይረግፍ ዛላ አለ። በማጭድ ሲታጨድ የሚረግፈው ማሳው ላይ ይቀራል፣ ያልረገፈው ከነዶው ጋር ቤት ይገባል፤ ለዘር የሚቀመጠውም ከዚሁ ነው። ታዲያ አዲስ መሬት ላይ መዘራት አለበት። እዚያው ማሳ ላይ ከተዘራ የረገፈው አብሮ ይበቅልና ልፋቱ ከንቱ ይሆናል። ሳይደርቅ ከታጨደም ሁለቱ አይለዩም። የዱሩ ስንዴ ወደማይረግፈው የእርሻ ስንዴ እስኪለወጥ ከሺህ ዓመት በላይ የፈጀው እንዲህ ባለው ምክንያት ነው።

መርጋቱ ግን ከዚህ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የዕፅዋት ተመራማሪው ጃክ ሃርላን ደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ውስጥ የዱር ስንዴ በባልጩት ማጭድ አጭዶ በሰዓት ከ1 ኪሎ በላይ ንጹሕ እህል አገኘ። አንድ ቤተሰብ በ3 ሳምንት ከዓመት ቀለቡ በላይ ይሰበስባል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ተሸክሞ የሚዞር የለም። ዮርዳኖስ ውስጥ ድራእ በተባለ ቦታ የተገኙት ጎተራዎች 11,000 ዓመት አልፏቸዋል፤ እህሉ ገና የዱር ሳለ ማለት ነው። ወለላቸው ልክ እንደ እኛ አገር ጎተራ ከመሬት ከፍ ያለ ነው፦ እርጥበት እንዳያሻግተው፣ አይጥ እንዳይደርስበት።

ዋጋውን ብዙ የከፈሉት ሴቶች ናቸው፤ ይህን እንዳትዘነጊው እፈልጋለሁ። ሶርያ ውስጥ አቡ ሁረይራ በተባለ ጥንታዊ መንደር የተቀበሩ ሴቶች የእግር አውራ ጣታቸው፣ ጉልበታቸውና ወገባቸው ተጎድቷል፤ ጣታቸውን አጥፈው፣ ተንበርክከው በመጅ ሲፈጩ የኖሩ ናቸው።

የከብቱም ነገር እንደ ዛላው ነው፤ የትኛው ለዘር ይቀራል የሚለው ነው። ኢራን ውስጥ ጋንጅ ዳሬህ በተባለ ቦታ ከ10,000 ዓመት በፊት ወጠጤው በለጋነቱ ይታረድ፣ እናት ፍየል ግን ትቆይ እንደነበር አጥንቱ ይናገራል። አዳኝ እንዲህ አይመርጥም፤ ይህ የአርቢ ሥራ ነው።

ለአራስ ገንፎ የሚሆነው አጃችን የዚያው የጥንቱ ስንዴ ወገን ነው (ሱፐርማርኬት በካርቶን የሚሸጠው አጃ ሌላ እህል ነው)። ሲወቃ አንዱን ፍሬ ከነገለባው አንሺና ከዛላው የተነጠለበትን ቦታ በማጉያ መነጽር እዪው። ሰው ያላመደው ተቀዶ ስለሚነጠል ጠባሳው ሻካራ ነው፤ የዱሩ ልሙጥ ነው። ከጥንት ምድጃ የወጣውን የከሰለ ፍሬ አርኪዮሎጂስቶች የሚለዩትም በዚሁ ጠባሳ ነው።

አባትሽ